መብራት ሲመጣ ይስተካከላል

ለምለም ማረፏን አለቃችን ኣያ ሓጎስ በስልክ ሲያረዳኝ፣ ገና እንባዬ ሳይመጣ በልቤ ያልኩት «ይኸው፣ በዚህም ቀደመችኝ» ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ስንት ዓመት አንድ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሠራን ሰዎች ነን። በመጣው ነገር ሁሉ ስትቀድመኝ የኖረች ሴት ስትሞት ሌላ ምን ልበል? የለመደ አፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ልጆቼ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «የሥራ ጓደኛዬ ሞተችብኝ» ብዬ ደግሞ እንደ አዲስ አለቀስኩ። ሌላው ሰው ለምለምን ሲጠራ «እህቴ» ይላል፣ «አለኝታዬ» ይላል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ለምለም ባላንጣዬ ነበረች። እሷ ይህን አታውቅም ብዬ አስብ ነበር።

ቢሯችን መቀሌ ውስጥ፣ ወደ ቁሓ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ለክሊኒክ፣ ለመጋዘን፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ለመጣው ሁሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ባለቤቱ ኣያ ሓጎስ ነው። እኔ ሂሩት እባላለሁ፤ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ለዩኒቨርሲቲ መጥቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ እዚሁ ቀረሁ። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። ለምለም ግን እዚሁ ተወልዳ፣ ጎበዝ ተማሪ ብቻ ተመርጦ በሚገባበት ትምህርት ቤት፣ ቃላሚኖ የተማረች ናት። ቃላሚኖ የተማረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የዚህ ከተማ ሰው ያውቀዋል፤ አንዴ ጎበዝ ከተባልክ ዕድሜ ልክህን ጎበዝ ነህ፣ ማንም ሁለተኛ አይፈትንህም። እኔም ናዝሬት አንደኛ ነበር የምወጣው። እዚህ ማን ያውቅልኛል?

ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ጠዋት አርፍዳ ነው የምትገባው፤ እኔ ባረፍድ የሚቆጣው ኣያ ሓጎስ ለምለም ስታረፍድ «መጣሽ ጓለይ?» ይላታል፣ ልጄ ማለቱ ነው። ቁልፏን ትጥላለች፣ ስልኳን ትረሳለች፣ ሰው ደግሞ ቁልፏን ፈልጎ ሲያመጣላት ደስ ይለዋል። አንድ ከባድ ነገር ሲገጥማት ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር ታወልቅና በባዶ እግሯ ወለሉን እየደባበሰች ታስባለች። ያን ጊዜ ኣያ ሓጎስ «ዝም በሉ፣ ለምለም ጫማ አወለቀች» ይላል፤ ቢሮው ሁሉ ጸጥ ይላል። እኔም አንድ ቀን ጨነቀኝና ጫማዬን አውልቄ አየሁት። «ሂሩት፣ እግርሽን አመመሽ እንዴ?» አለኝ።

ክረምት ላይ በለስ ሲወጣ ከቢሮው በር ላይ እየገዛን እንበላ ነበር። እሷ ጫፍና ጫፉን ቆርጣ፣ መሐሉን በቢላ ሰንጥቃ፣ ልጣጩን እንደ ልብስ ታወልቀዋለች፤ አንዲት እሾህ አትነካትም። እኔ ያን ያህል ዓመት ኖሬ ዛሬም ጣቴ ላይ እሾህ፣ ከንፈሬ ላይ እሾህ ነው። አንድ ቀን እጄን ይዛ ጣቶቼን በፀጉሯ ላይ አሸት አሸት አደረገችልኝ። «እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ኣጆኺ፣ አይዞሽ» አለችኝ። እውነትም ወጣ። አመሰግናለሁ ማለት ሲገባኝ ፀጉሯ እንዴት እንደሚበዛ ነበር የማስበው። ደግ መሆኗ ሳያንስ ፀጉሩም ለእሷ!

ሥራዋን በተመለከተ አንድ አባባል ነበራት። «የተበላሸበት ሰው ወንበር ላይ ካልተቀመጥሽ ምኑን አየሽው?» ትላለች። አንድ ጊዜ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ «ፕሮግራማችሁ ቁጥር ይደግምብኛል» ብላ አማረረች። እኔ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት፤ ንጹሕ ነው። ለምለም ተነሥታ ሄደች፣ የልጅቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ተመለሰች። «አቧራ እንዳይገባበት ብላ ኪቦርዱን በፕላስቲክ ሸፍናዋለች፤ ፕላስቲኩ ቁጥሩን ይዞ አይለቅም። አንሥተነዋል» አለች። ቢሮው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አርሮ ነበር። እዚያ ለመሄድ ምን ዕውቀት ይጠይቃል? መሄድ ነው። ታዲያ ለምን እኔ አልሄድኩም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዓይደር ሆስፒታል አጠገብ እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሰው ሠራሽ እግር መራመድ የሚለማመዱበት ማገገሚያ ማዕከል አለ። መብራትም ኔትወርክም ባልነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ባለሙያዎቹ ታካሚው ዛሬ እንዴት ዋለ፣ የት አመመው የሚለውን የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ፈለጉና እኔና ለምለም ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍንላቸው። ጣሪያችን ላይ ያለችው ሶላር ሁለት ላፕቶፕ ትችላለች፤ ደመና ከሆነ አንድ ብቻ። አንድ ብቻ በሆነ ቀን ማን ይቀመጥ ነበር መሰላችሁ?

ኢንተርኔት ስለሌለ ሁሉም ነገር የሚሄደው በፍላሽ ነበር። ለምለም ፍላሿን እናቶች ሳንቲም በሚቋጥሩበት አኳኋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ በእግሯ ዓይደር ትሄዳለች። ማዕከሉ ውስጥም አንዱ ክፍል ኃይል ሲኖረው ሌላው አይኖረውም፤ ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙን ከነመዝገቡ በፍላሽ እያዘዋወሩ ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ ለምለም ፕሮግራሙ የታካሚዎቹን መረጃ እዚያው የራሱ ሆድ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አደረገችው። ፕሮግራሙን የወሰደ ሁሉንም ወሰደ። ብልኀት ነበር። ዛሬም ብልኀት ነበር እላለሁ፤ እያመመኝ።

ጊዜው ተሻለ፣ መብራቱም ኔትወርኩም ተመለሰ። አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማዕከሉ ማክ ኮምፒውተሮች ሰጠና «ፕሮግራማችሁ በእነዚህ ላይ ይሥራልን» ተባልን። ከሠራ ለአክሱምም ለሽረም ለማይጨውም ማዕከሎች ይገባል። ካልሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሥራውን ሊወስድ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። ኣያ ሓጎስ ሰበሰበንና «ይህን የሚወጣ ሰው ሥራውን በኃላፊነት ይመራዋል» አለ። ሲናገር የሚያየው ለምለምን ነበር። እኔ እሱን ነበር የማየው። ይህቺን አንዲት ነገር ከእሷ ቀድሜ ካልፈታሁ ሂሩት አይደለሁም ብዬ በልቤ ማልኩ።

ማክ የሚባለው ኮምፒውተር ያገኘውን ሁሉ አይከፍትም። ፕሮግራሙ የሠሪው ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደሚያመርተው ኩባንያ ተልኮ፣ ተመርምሮ፣ «ችግር የለበትም» ተብሎ ይመለሳል። ውልና ማስረጃ ማለት ነው፤ ትፈርማለህ፣ ያረጋግጡልሃል፣ ማኅተም ይመታልሃል። ፓይተን ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ውስጡ ከየቦታው የተለቃቀመ ስንት ቁርጥራጭ አለ፤ እያንዳንዱ ከውስጥ ወደ ውጭ በተራ መፈረም አለበት፤ አንዷ ከተዘለለች ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ድርግም ይላል። እኔ አንዷንም አልዘለልኩም። ልኬው «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል መልስ ሲመጣ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የቀለም መሸጫው ባለቤት ከታች «ማን ሊያገባ ነው?» ብሎ ጮኸ።

ለጸጋይ ሰጠሁት። ጸጋይ የማዕከሉ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ትሑት፣ ዝግተኛ ሰው። የራሱ ኮምፒውተር ላይ ጭነን አየነው፤ ይሠራል። «ለሌሎቹ አንተው አዳርሳቸው» ብዬው መጣሁ። ብዙ አልቆየም፣ ደወለ።

«ሂሩት፣ ፕሮግራሙ ‹ተበላሽቷል፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይጣል› ይላል።»

«የትኛው ኮምፒውተር ላይ?»

«ከእኔ በቀር ሁሉም ላይ።»

ቢሮ ባለው ማክ ላይ ከፈትኩት፤ እንከን የለውም፣ ይሠራል። እንደገና ፈረምኩ፣ እንደገና ላክሁ፣ እንደገና ተቀባይነት አገኘ። ለጸጋይ ሰጠሁት፤ እሱ ጋ ይሠራል፣ ሌሎቹ ጋ ቆሻሻ ነው። ፊርማውን አፈረስኩ፣ ፈቃዶቹን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ምግብ አልበላ አለኝ። ያ ሁሉ ልፋቴ ቆሻሻ ሲባል እኔን ነው የሚለው የሚመስለኝ።

ለምለም ከወንበሯ ሆና ታየኛለች። «ሂሩት ሓፍተይ፣ ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ነይ፣ አብረን ሄደን ወንበራቸው ላይ እንቀመጥ» አለችኝ።

«አንቺ ተቀመጪ» አልኳት።

ሄደች። ከዚያ በፊትም ወደ ዓይደር ማለት አብዝታ ነበር፤ አሁን ጨርሶ የእሷ ቢሮ ሆነ። ጠዋት ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ፊቷ ገርጥቶ ትመለሳለች፣ ለጸጋይ ስደውል «ለምለም አሁን እዚህ ነበረች» ይለኛል። ዓይነ ውኃዋ አላማረኝም። ባለሙያዎቹን ልታግባባ፣ የድርጅቱን ሰዎች ልትተዋወቅ፣ ሥራውን ከእጄ ልትነጥቅ ነው አልኩ። ሻሽ ማሰርም ጀምራ ነበር። እሱም አማረባት። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁለት ልጃገረዶች በሳምንቱ ሻሽ አስረው መጡ። ሴትየዋ ብታነክስ ሁሉም ማነከስ ይጀምራል ብዬ ለባሌ አማኋት።

በመጨረሻ ተስፋ ስቆርጥ ጸጋይን «እምቢ ያለውን ኮፒ ራሱን መልሰህ ላክልኝ» አልኩት። ይህን ለምን ከመጀመሪያው እንዳላልኩ አትጠይቁኝ። በቴሌግራም ላከው። ማኅተሙን መርምር የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ኮምፒውተሩ ከታተመ በኋላ የተጨመረ ፋይል አለ ብሎ መለሰ፤ የፋይሉንም ስም ነገረኝ። የታካሚዎቹ መዝገብ ነው።

እኔ ስሞክር የኖርኩት ሁልጊዜ አዲሱን፣ የሰው እጅ ያልነካውን ኮፒ ነው። ጸጋይ ግን እንደ ድሮው መጀመሪያ ራሱ ታካሚ ይመዘግብበታል፤ ከዚያ ፕሮግራሙን ከነመዝገቡ ለሌሎቹ ይልካል። ያኔ በፍላሽ ነበር፣ አሁን በቴሌግራም። ፕሮግራሙም እንደ ለመደው ሆዱ ውስጥ ይጽፋል። የጸጋይ ኮምፒውተር ማኅተሙን የመረመረው ገና ምንም ሳይጻፍበት ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ የሌሎቹ ግን የሚመረምሩት ከተጻፈበት በኋላ ነው። ውልና ማስረጃ ማኅተም የመታበት ሰነድ ላይ በእስክሪብቶ ብትጨምርበት ማን ይቀበልሃል? ሌላ አገር ያለ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ፕሮግራምን ከነጓዙ በነጠላ ጫፍ ያዞረ ሰው ነው የሚሠራው።

ኮዱን ከፈትኩ፣ መስመሯን አገኘኋት። የለምለም ናት። ጎኗ ላይ፣ እኔ እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ «ለጊዜው እዚሁ ይቀመጥ። መብራት ሲመጣ ይስተካከላል» ብላ ጽፋለች።

መብራት መጣ፤ ማን አስታወሰው? በዚያ ጊዜ «መብራት ሲመጣ» ያላልነው ነገር የለም። ጥርሳችንን የምንታከመው መብራት ሲመጣ ነበር፤ የተጣላነው የምንታረቀው መብራት ሲመጣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አንብቦ ሆዱ ይባባ ነበር። እኔ ግን ደስታዬን ምን ላድርገው! የለምለም ስሕተት! የቃላሚኖዋ ስሕተት፣ ያገኘሁትም እኔ! ለኣያ ሓጎስ አልነገርኩም። መጀመሪያ ለራሷ፣ እዚያው በምትወደው ወንበር ላይ እንዳለች፣ በጸጋይ ፊት ነው የምነግራት ብዬ ባጃጅ ይዤ ወደ ዓይደር በረርኩ።

ማዕከሉ ስደርስ የለችም። ጸጋይ አንድ ሽማግሌ በብረቶቹ መሐል ያስኬዳል።

«ለምለም የታለች?»

«በዚያ በኩል ናት፤ ሆስፒታሉ ጋ» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና «አልነገረችሽም እንዴ?» አለ።

ሽማግሌውን ለባልደረባው ሰጥቶ ራሱ ወሰደኝ። ረዥም ክፍል ነው፤ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ወንበር አጠገብ ከብረት ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት አለ። ለምለም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ግሉኮስ የሚመስለው ነገር ጠብ ጠብ እያለ ክንዷ ውስጥ ይገባል። ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ያ ፀጉር የለም። ጫማዋን አውልቃለች።

ያየችኝ ጊዜ አልደነገጠችም። ሻሿን በአንድ እጇ አስተካከለችና «አገኘሽው?» አለችኝ።

«አገኘሁት» አልኩ።

«የኔዋ መስመር ናት አይደል?» ብላ ሳቀች። «ዋይ ኣነ! መብራት ሲመጣ ይስተካከላል! መብራቱ ከመጣ ስንት ጊዜው!»

«ታውቂያለሽ እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ባለፈው ጊዜ ከዚህ ስወጣ ደከመኝና ጸጋይ ጎን አረፍ አልኩ። ፕሮግራሙን ከነመዝገቡ ለባልደረቦቹ ሲልክላቸው አየሁት። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ከረጢቱን ቀና ብላ አየችው። «ሂሩት፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ኣያ ሓጎስ ማንን ነው የሚጠራው? እኔ ሁልጊዜ አልኖርም። አንቺን መጥራት ይልመድ ብዬ ነው።»

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበቷ ሥር ወድቆ ያለቅስ ነበር። እኔ ተናደድኩ። አዎ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶባት በተቀመጠች ሴት ላይ ዓይኔ ደም ለበሰ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቀደምኳት ስል ለካ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው! ያሸነፍኩት ነገር የሰው ምጽዋት ሆኖ አረፈው።

«ማን ለመነሽ?» አልኳት። «ማን ለመነሽ ለምለም? እኔ ራሴ አላገኘውም ነበር?»

አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ዞራ አየችኝ። ጸጋይ ክንዴን ያዘ። ለምለም ግን ፊቷ በራ። «ተዋት፣ ተዋት! እንዲህ ስትቆጣ ነው ደስ የምትለኝ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋብኛል፤ እሷ ትጮህብኛለች» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በይ አሁን፣ እንዴት ልታስተካክይው ነው?» አለች።

«መዝገቡን ከፕሮግራሙ ሆድ አወጣዋለሁ» አልኳት፣ እንደተቆጣሁ። «በየሰዉ የራሱ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ማኅተሙን የሚነካው የለም።»

«እወ። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት።»

«አልጨረስኩም። እንደዚያ ብቻ ካደረግን ጸጋይ ነገም ፕሮግራሙን ይልካል፤ ሌሎቹ ሲከፍቱት ባዶ ይሆንባቸዋል፤ ታካሚዎቹ ጠፉ ብለው ይጮሃሉ። ሰው ልማዱን በአንድ ቀን አይተውም። ስለዚህ አንድ ቁልፍ እጨምራለሁ፤ ‹በሽተኛውን ላክ› የሚል። አንዱን ታካሚ ብቻ ይልካል፤ በቴሌግራምም በፍላሽም። ፕሮግራሙ ባለበት ይቀመጣል።»

የወለሉን ንጣፍ የሚደባብሰው የለምለም እግር ቆመ። አፏን ከፈት አድርጋ አየችኝ፤ «ኣየ!» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህቺን አላሰብኳትም።»

ከዚያ ያንን ዓይን አየሁ። ከከረጢቱ አንድ ጠብታ እስኪወርድ ያህል ነው የቆየው። ዓይኖቿ ጠበብ አሉ፣ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፣ ከእኔ ላይ ዓይኗን አንሥታ መልሳ ጣለችብኝ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ከጠረጴዛዬ ማዶ ሳያት የኖርኩበት ዓይን ነው። ለምለም ቀናችብኝ!

ወዲያው ሳቀችና «ሂጂ በይ፣ ሳትረሺው ጻፊው» አለችኝ። ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ እያለቀስኩ ነበር፣ እየሳቅሁም ነበር፤ ሾፌሩ በመስታወት ደጋግሞ ያየኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ሠራ። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ሠራ። ኣያ ሓጎስ ሰው ሁሉ ባለበት «ከዛሬ ጀምሮ የሥራው ኃላፊ ሂሩት ናት» ሲል ለምለም ተነሥታ እልል አለች፤ «ስሕተቱ የኔ ነበር፣ ጀግናዋ እሷ ናት!» ብላ አቀፈችኝ። ሕመሟን ቢሮ እንዳልናገር አስምላኝ ስለነበር ምንም ማለት አልችልም። ስንበታተን ሰዉ ሲያወራ የሰማሁት እኔ ስለጨመርኩት ‹በሽተኛውን ላክ› አይደለም፤ «አይ ለምለም፣ ልቧ እንዴት ንጹሕ ነው! በገዛ ስሕተቷ እልል ትበል?» ነበር። በሹመቴ ቀን እንኳ የተመሰገነችው እሷ ናት። ጉድ እኮ ነው!

በቀጣዩ በጋ አረፈች። ሐዘን ቤት ስሄድ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሟል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደረቷን ትመታለች፣ የቀለም መሸጫው ባለቤት እንደ ሕፃን ይነፈርቃል፣ ጸጋይ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ በዚያም ቀናሁ። እኔ ስሞት እንዲህ ያለ ሰው አይመጣም አልኩ።

እናቷን፣ ኣደይ ምጽላልን፣ ሴቶች ከበዋቸዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። አንዱ ተነሥቶ ለምለም እንዴት እንዳስታመመችው ይናገራል፤ አንዷ ተነሥታ ለምለም መልአክ ነበረች ትላለች። ኣደይ ምጽላል እንባቸው ደርቆ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። ተራዬ ደርሶ አጠገባቸው ስቀመጥ እጄን ያዙኝ።

«አንቺ ማን ነሽ፣ ጓለይ?»

«ሂሩት ነኝ፣ ኣደይ። ፊት ለፊቷ የምቀመጠው።»

«ሂሩት። ኣሃ፣ ቁጡዋ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ከጠዋት ጀምሮ መልአክ፣ መልአክ ይሉኛል። እኔ መልአክ አልወለድኩም፤ ልጅ ነው የወለድኩት። የማውቃት ልጅ ጠፍታብኛለች፤ የሚያወሩላትን አላውቃትም። አንቺ እንኳ የልጄን ነገር ንገሪኝ» አሉ።

ምን እላቸዋለሁ? ደግነቷን ብነግራቸው ጠግበዋል። ሌላ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ለባሌም አልነገርኩት፣ ለማንም አላካፈልኩት።

«አንድ ቀን ቀናችብኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ከፍተው አዩኝ። «ለምለም?»

«እሷ ያላሰበችውን ነገር አሰብኩ። ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗን እንዲህ ጠበብ አደረገች። ልትመታኝ ምንም አልቀራትም።»

ኣደይ ምጽላል እጄን ጥብቅ አደረጉት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሴቶቹ አለቀሱ ብለው ተነሡ፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸውም አሁን ገና መጣ። «እወ! እሷ ናት! ታናሽ እህቷ አዲስ ቀሚስ ስትለብስ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ከንፈሯን ነክሳ!» አሉ።

ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ አነሡና ወደ እኔ ይበልጥ ተጠጉ።

«ድገሚልኝ» አሉኝ።